ዋናው አገር

«ዋናው አገርህ የት ነው?» የሚል ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? ዲላ ተወልጄ ዲላ የሸበትኩ ነኝ ብትሉትም «እሱማ ነው፤ ዋናውን ነው የምልህ» ይላችኋል። ለመሆኑ አገር እንደ መኪና ጎማ ስኮርታ አለው እንዴ?

ባለፈው እሑድ ከሰዓት ከጎረቤቴ ከጋሽ ደምሴ ጋር ዩኒቨርሲቲው አዳራሽ ቴአትር ልናይ ሄድን። ጋሽ ደምሴ የእድራችን ሰብሳቢ ናቸው። ቴአትሩ በተወለደበት ከተማ «መጤ» ስለተባለ ወጣት ነው። ጋሽ ደምሴ እንዴት እንዳለቀሱ ብታዩ፤ የራሳቸው መሐረብ አልበቃ ብሎ የእኔን ወሰዱ። ልጁ መጨረሻ ላይ «አገሬ የኖርኩበት ነው» ሲል ደግሞ ከሁሉ ቀድመው ብድግ ብለው አጨበጨቡ።

ወጥተን ባጃጅ ስንጠብቅ «እናትህ እንዴት ናቸው?» አሉኝ። እናቴ ከተኛች ሁለት ወሯ ነው።

«ደክማለች ጋሼ።»

«እግዜር ይማራቸው። ክፉ አያምጣው እንጂ፣ የሆነ እንደሆነ ወደ አገራቸው ነው የምትወስዷቸው?»

«እናቴ እኮ የተወለደችው እዚሁ ነው።»

«እሱማ ነው፤ ዋናውን ነው የምልህ። እድሩ መኪና እንዲያዘጋጅ ብዬ ነው።»

ክፉ ሰው ቢሆኑ ኖሮ ይቀለኝ ነበር። እርጥቡን መሐረቤን አጣጥፈው መለሱልኝ።

ቤት ስገባ እናቴ ከትራሷ ቀና ብላ «ቴአትሩ ምን ይላል?» አለችኝ።

«የሰው አገሩ የኖረበት ነው ይላል።»

መልሳ ትራሷ ላይ ጋደም አለች።

«ይሄን ማን ያጣዋል ብለው ነው?»