ሞተራችን በጋሪ

ክብርና ምስጋና መለዋወጫ ፈልገው ለማይደክሙ ሁሉ ይሁን። የመሥሪያ ቤታችንን ስም አልጠራም፤ ትሕትና ይከለክለኛል። በአዊ ምድር፣ ሰው ፈረሱን ከዘመዱ ለይቶ በማያይበት አገር፣ ከብቱም ፈረሱም እንዳይታመም የሚተጋ ጽሕፈት ቤት መሆኑን ብቻ ልናገር። ትጋታችን የሚጓዘው በአንዲት ቀይ ሞተር ሳይክል ነበር።

ሞተሯ፣ ልክ የፈረስ በሽታ ገባ በተባለ ሰሞን፣ የሞተሩን ጉልበት ለጎማ የሚያቀብለው ፍሪሲዮኗ ተበልቶ ቆመች። የዳንግላው መካኒክ ሽባባው አገላብጦ አያትና ፋብሪካው ይህን ሞዴል መሥራት ካቆመ እንደቆየ፣ የሌላ ሞዴል ፍሪሲዮን ግን ሞርዶ ሊገጥምላት እንደሚችል ነገረን። ኃላፊያችን አቶ ሽመክት ይህን ሲሰሙ ፊታቸው ጠቆረ። የመንግሥት ንብረት በባዕድ አካል አይራመድም አሉ። ኦሪጅናሉ ይፈለግ አሉ። ፋብሪካው ቢያቆም እኛ አናቆምም ሲሉማ አጨበጨብን፤ የቆምነው እኛ መሆናችንን ለጊዜው ረስተነው ነበር።

ክትባቱ ግን ነበር። ከኃላፊው ወንበር ጀርባ፣ ማቀዝቀዣ ውስጥ፣ በክብር ተቀምጧል። የእንስሳት ሐኪሙ ይሄነው በፈረስ ይዤው ልሂድ ብሎ ጠይቆ ነበር፤ ልጅነት ነው። በፈረስ ሄዶ ፈረስ መከተብ ለዘመናዊ አገልግሎት ውርደት መሆኑን አቶ ሽመክት በሰፊው አስረዱት። ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም፣ እኛ ደግሞ ከበሽታ ጋር ውጊያ ላይ ነን አሉት። ይሄነው የጠየቀው ለማድረሱ ብቻ ነበር፤ ግን ተረት ከተተረተ በኋላ ማን ይከራከራል።

ፍለጋው ተጀመረ። የተበላውን ዕቃ ብቻ ፈትቶ ይዞ መዞር ይቻል ነበር፤ ነገር ግን የተፈታ ዕቃ ይጠፋል ተብሎ ሞተሯ ሙሉ አካሏን ይዛ እንድትሄድ ተወሰነ። ለዚህም የባለጋሪው የስማቸው ጋሪ ተያዘ። ስማቸው በዚህ ዓለም ላይ ያለው ሀብት ዳማ የሚባል ፈረሱ ነው። ሚስቱ እታለማሁም ልጆቹም ጉሮሯቸው የሚርሰው ዳማ ሲሠራ ነው።

ዳማም ሞተራችንን ጎትቶ እንጅባራ ወጣ፤ ጥሊሊ ገበያ ዋለ። ይሄነው ከሞተሯ ጎን ተቀምጦ፣ እንዳትወድቅ መሪዋን ይዞ፣ በሽታው በገባባቸው መንደሮች መሐል አለፈ። ገበሬዎች ከየደጃቸው ብቅ እያሉ ሐኪሙ መጣልን አሉ። እውነት ነው፣ ሐኪሙ መጥቷል፤ ክትባቱ ግን የሚመጣው በሞተር ነው። ሞተሯስ ሲሉ፣ ሞተሯም ይቻትላችሁ፣ ጋሪው ላይ ናት። ምንም ያልደበቀ አገልግሎት ነበር።

አንድ ጠዋት ስማቸው ጋሪውን በራችን ላይ አቁሞ፣ ባርኔጣውን አውልቆ ኃላፊው ዘንድ ገባ።

"ጌታዬ፣ በየመንደሩ ፈረስ እየረገፈ ነው። ዳማን እዚሁ ያስወጉልኝ። ይኸው ደጅዎ ቆሟል።"

አቶ ሽመክት በመስኮት ተመለከቱ። ዳማ በእርግጥም ቆሟል። ማቀዝቀዣው ከጀርባቸው ያጉረመርማል።

"ስማኝ ልጄ" አሉት በአባት ድምፅ፣ "የእኛ አገልግሎት ቤት ለቤት ነው። ክትባት ወደ ፈረስ ይሄዳል እንጂ ፈረስ ወደ ክትባት አይመጣም። ባለጉዳይ እንዲንገላታ አንፈልግም።"

"ኧረ አልተንገላታሁም። መጥቻለሁ እኮ።"

"ተንገላተሃል፤ አልታወቀህም እንጂ።"

እንዳይንገላታም በዚያው ቀን ከነሞተራችን ወደ ግምጃ ቤት ከተማ ላክነው። ከከተማዋ ወዲያ ባለ አንድ መንደር የእኛዋን የምትመስል ሞተር አለች የሚል ወሬ ደርሶን ነበር። ወሬው እውነት ሆኖ ተገኘ። ያቺ ሞተር በአንድ ገበሬ ጎተራ ሥር ቆማለች፤ ወንበሯ ላይ ዶሮ እንቁላል ታቅፋለች። ዶሮዋ በክብር ተነሣች፤ ፍሪሲዮኑ ተፈትቶ ለእኛዋ ተገጠመ። ሞተራችን ጮኻ ስትንቀሳቀስ አንዳንዶቻችን እልል አልን።

ዳማ ከዚያ ጉዞ ሲመለስ ማሳል መጀመሩን ስማቸው ለመሥሪያ ቤታችን ጥበቃ ነግሮት ነበር ይባላል። ጥበቃው ለተጠገነችው ሞተር ምርቃት ድንኳን ሲተክል ስለዋለ መልእክቱን ዘነጋው።

ከምርቃቱ ንግግር በኋላ የመጀመሪያው የቤት ለቤት ክትባት ለባለውለታችን ለዳማ እንዲሆን ተወሰነ። ፍትሕ ማለት ይህ ነው። ይሄነው ነዳ፤ አቶ ሽመክት ክትባቱን ታቅፈው ከኋላ ተፈናጠጡ፤ እኛ በባጃጅ ተከተልን። ከስማቸው ግቢ ስንደርስ ልጓሙ አጥሩ ላይ ተሰቅሏል። እታለማሁ አፏን በነጠላዋ ሸፍና ቆማለች። ዳማ በዋዜማው ሞቶ ነበር።

ማሞገስ ልማዴ ነው፤ እዚህ ላይ ግን አልሆነልኝም። አፈርሁ። ይሄነው መርፌውን እንደያዘ አንገቱን ደፋ። አቶ ሽመክት ግን ኃላፊ ናቸውና ቃል አላጡም፤ ዋናው ነገር አገልግሎቱ ደጁ ድረስ መምጣቱ መሆኑን ነግረው ስማቸውን አጽናኑት።

ከዚያም ልንመለስ ስንል ሞተሯ ጮኸች እንጂ አልተንቀሳቀሰችም። ዶሮ ሥር የከረመው ፍሪሲዮን በአንድ ጉዞ አለቀ። ይሄነው ቢረግጣትም ቢለምናትም እምቢ አለች። አቶ ሽመክት ወደ ስማቸው ዞር አሉና በአካባቢው ጋሪ ይገኝ እንደሆነ ጠየቁት።

"ጋሪውማ አለ፣ ጌታዬ" አለ ስማቸው። "ጎማውም ሳንቃውም ደህና ነው። የጎደለው አንድ ዕቃ ብቻ ነው።"

አቶ ሽመክት በሐዘኔታ እጃቸውን ትከሻው ላይ ጣል አደረጉ።

"አይዞህ" አሉት። "ኦሪጅናሉን እናፈላልግልሃለን።"