የእንግሊዛዊው ጉልበት

እናንተዬ፣ የሰው ጉልበት በቴሌቪዥን ካልታየ አያምም እንዴ?

እዚህ ደቡብ አፍሪካ፣ ክሊፕታውን አብሮኝ ሱቅ የሚሠራው ደሳለኝ፣ በእንግሊዝ አራተኛ ዲቪዚዮን የሚጫወት አንድ የሚሞትለት ተከላካይ አለው። ከየትኛው ክለብ እንደተባረረ፣ የት ተጠባባቂ ሆኖ እንደከረመ፣ ከእናቱ በላይ ያውቃል።

ባለፈው ክረምት ሌቦች ሱቃችን ገብተው ጉልበቴን በብረት መቱኝ። እያነከስኩ ጓዳ ስገባ፣ ደሳለኝ ጆሮው ላይ ማዳመጫ ሰክቶ ስልኩ ላይ አፍጥጧል።

«ተወኝ ወንድሜ! ልጁ ጉልበቱን ተጎድቶ ወጣ» አለኝ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል። አጽናናሁት፤ ምን ላድርግ?

ትናንት ተከላካዩ ድኖ ተሰለፈ። ደሳለኝ በደስታ ለስላሳ ልጋብዝህ አለኝ፤ አምጪው ግን እኔው ነኝ። ከፍሪጁ እየተጎተትኩ ስመለስ ቀና ብሎ አየኝና ተቆጣ፦

«ፈጠን በል እንጂ! ደግሞ አንተ ምን ሆነህ ነው የምታነክሰው?»