ሦስተኛው «ኢፍ»

እንግሊዝኛ ሊማር ገብቶ «ኢፍ» ላይ ተቸንክሮ የቀረ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? የኮልፌው ጎረቤቴ ከድር እንደዚያ ነው። «አንደኛው ኢፍ የሚሆን ነገር ነው፤ ሁለተኛው ምኞት ነው፤ ሦስተኛው ግን አብቅቶለታል!» እያለ ሰፈሩን ይሰብካል።

ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ለወንድሜ ሽምግልና ሳንሱሲ ስንሄድ ከድርንም ይዤው ሄድኩ። የልጅቷ አባት ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «ቤት ቢኖረው እሰጠው ነበር» አሉ። መቼም ለወጉ ያህል ነው፤ ትንሽ ብንለማመጥ እሺ ይሉ ነበር።

ከድር ግን እንደ ተማሪ እጁን አወጣ።

«አባባ፣ ይቅርታ፣ ይሄ ሁለተኛው ነው ሦስተኛው?»

ሰውየው ብድግ ብለው በሩን ከፈቱልን። «አንተ ዝም ብትል ኖሮ እሰጠው ነበር!»

የከድር ፊት በራ። «ማሻአላህ! ሦስተኛው ነው!»