የስድስት ዓመት እንግዳ

ሰው መርዳት ቀላል የሚመስለው ሞክሮት ለማያውቅ ነው። ቅን ልብ ካለ፣ ጉልበት ካለ፣ ትንሽ ስንቅ ካለ ሌላውን እግዜር ይሞላዋል ትላላችሁ። እኔም እንደዚያ እል ነበር። የሚረሳ ነገር ግን አለ፤ ተረጂውም እሺ ማለት አለበት። እጃችሁን አይቶ «እሰይ፣ ኑ፣ ያዙልኝ» ማለት አለበት። የዋግ ሰው ደግሞ ይህን አይልም። የዋግ ሰው የሚለው «ተቀመጡ» ነው።

«እንግዳ በመጀመሪያው ቀን ወርቅ፣ በሁለተኛው ብር፣ በሦስተኛው ብረት» ያለው ሰው በሰቆጣ በኩል አላለፈም ማለት ነው። እዚህ አንድ ጊዜ ወርቅ ከሆናችሁ ወርቅ ናችሁ፤ ብረት ልሁን ብትሉም የሚሰማችሁ የለም። ምስክሩ እኔ ነኝ። ከጎጃም ተመድቤ፣ የአፈርና ውኃ ጥበቃ ባለሙያ ሆኜ ወደ ደሃና ከመጣሁ ስድስት ዓመቴ ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ ወደ አንዲት የተራራ መንደር በወጣሁ ቁጥር ቁርበት ይነጠፍልኛል፣ በሶ ይበጠበጥልኛል፣ ማር ይቀርብልኛል። ስለ እርከን አሠራር ሳስተምር ትንፋሽ አይሰማም። ድንጋይ ላነሳ ጎንበስ ካልሁ ግን ሦስት ሰው ተሯሩጦ ከእጄ ይቀማኛል። ይህን ሁሉ ክብር ነው ብዬ እናቴ ዘንድ እየደወልሁ እጎርር ነበር።

እንግዲህ ባለፈው ክረምት መግቢያ፣ የሰኔ ጾም በተፈታ ማግስት፣ ከአዲስ አበባ የአንድ ሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች መጡ። አሥራ አራት ናቸው፤ ትልቁ አሥራ ስምንት አይሞላውም። አንድ ወጣት ዲያቆን ይመራቸዋል። «መዝሙሩን ስንዘምር ኖረናል፤ አሁን በእጃችን እናገልግል» ብለው ነው የመጡት። ሁሉም አንድ ዓይነት ነጭ ካናቴራ ለብሰዋል፤ ደረቱ ላይ «ፍቅር በተግባር» ይላል። ከሰቆጣ በአይሱዙ፣ መንገዱ ሲያልቅ ደግሞ ሦስት ሰዓት በእግር ወደዚያችው መንደር ይዣቸው የወጣሁት እኔ ነኝ። እጃቸውን አየሁት። ከስልክ የከበደ ነገር ያነሳ እጅ አይመስልም። ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም አልሁ፣ በሆዴ።

የሚሠራው ሥራ የታወቀ ነበር። እማሆይ ትርንጎ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ የመነኮሱ፣ ልጆቻቸው አንድ በአንድ ወደ ከተማ የሄዱባቸው፣ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሴት ናቸው። ያለቻቸው ገደል አፋፍ ላይ የተንጠለጠለች አንዲት የገብስ ማሳ ናት። ማሳዋን ደግፎ የያዘው የድንጋይ እርከን ባለፈው ዓመት ዝናብ ወገቡ ላይ ተንዷል። ዘንድሮ ዝናቡ ከጠጋኙ ከቀደመ አፈሩ ተከዜ ይገባል። አፈሩ ከሄደ እማሆይም ይሄዳሉ፤ ከተማ ወርደው የልጅ እጅ ማየት ሊጀምሩ ነው። ይህን ደግሞ አይፈልጉም። «እኔ ከዚህ የምወጣ በቃሬዛ ነው» ይላሉ፣ ቀልድ በሌለው ድምፅ።

በመጀመሪያው ቀን ልጆቹ እግር ሊያጥቡ መጥተው እግራቸው ታጠበ። ሽማግሌዎቹ ጎንበስ ብለው፣ ለብ ባለ ውኃ፣ አንድ በአንድ። ትሕትናን ሲማሩ ያደጉ ልጆች ተምረው የማያውቁት ነገር ገጠማቸው፤ እሱም መታጠብ ነው። ከዚያ ፍየል ታረደ። በሁለተኛው ቀን ሥላሴ ነበር፤ በሥላሴ ማን ድንጋይ ያነሳል? በሦስተኛው ቀን ልጆቹ ዶማ ስጡን አሉ። «ዶማ እንኳ የለንም» አለ መንደሩ በአንድ ድምፅ። ገበሬ ዶማ የለኝም ሲል ቄስ መስቀል የለኝም እንደማለት ነው። በኋላ እንደታየው ዶማው ሁሉ እንግዳ እንዳያየው ከየጎታው ጀርባ ተደብቆ ኖሯል። ይህን ስንነጋገር ከጓሮ ሁለተኛው ፍየል ጮኸ።

ከልጆቹ መካከል ምሕረት የምትባል፣ አሥራ ስድስት ዓመት የሆናት ቀጭን ልጅ ነበረች። ብዙ አትናገርም፤ ነገር ስታውጠነጥን ግን ያስታውቅባታል። ያን ቀን ማምሻውን ከመንደሩ ጀርባ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ፣ በተራራው ላይ የተቆለለውን ደመና እያየች አገኘኋት። ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

«ጋሼ፣ ልንረዳቸው መጥተን እየበላናቸው እኮ ነው» አለችኝ።

«ምን ይደረግ? እንግዳ ናችሁ።»

«እንግዳነት ስንት ቀን ነው?»

«እኔ ስድስት ዓመቴ ነው።»

ላስቃት ብዬ ነበር። አልሳቀችም። አዘነችልኝ። ሰው እንደዚያ አዝኖልኝ አያውቅም።

«የገዛ ልጃቸውንስ እንዴት ነው የሚያሠሩት?» አለች።

«የገዛ ልጁን ማን ይለማመጣል? ይቆጣዋል እንጂ!»

ቀሚሷን አራግፋ ተነሳች።

በማግስቱ ጧት ቁርበቱ ተነጥፎ እንግዶቹ ጠፉ። ማሳው ላይ ነበሩ፤ በባዶ እጃቸው። ምሕረት ከፊት ሆና የተናደውን እርከን ትደረድራለች። እንዴት እንደምትደረድር ላጫውታችሁ፤ ጠጠሩን ከሥር፣ ትልልቁን ድንጋይ ከላይ። ባለሙያ ነኝና ጥርሴ ተፋጨ።

እማሆይ መቋሚያቸውን ይዘው ደረሱ። «ተዉ ልጆቼ፣ ይደክማችኋል፤ ኑ ቁርስ ቅመሱ» አሉ በለሰለሰ አማርኛ። ምሕረት የጎታ ክዳን የሚያህል ድንጋይ አንስታ ጠጠሩ ላይ አስቀመጠች። እማሆይ ምራቃቸውን ዋጡ። ሌላ ደገመች። እማሆይ ቆባቸውን አስተካከሉ። እንግዳ አክባሪነትና ርስት ባንዲት ሴት ፊት ላይ ሲታገሉ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አየሁ። የመንደሩ ሰው ከኋላቸው ተሰብስቦ ቆሟል፤ ቄሱም አሉ፤ ማንም ትንፍሽ አይልም፤ እንግዳ አይታረምማ። ሦስተኛው ድንጋይ ተንከባሎ ገደል ሲገባ ግን እማሆይ ፈነዱ።

በአገሩ ቋንቋ፣ በኽምጥኛ ነው የፈነዱት። አማርኛቸው የእንግዳ ነው፤ ኽምጥኛቸው የልጅ። መቋሚያቸውን ወደ ምሕረት እየነቀነቁ ያወረዱት ውርጅብኝ ገደሉ ሳይቀር አስተጋባው።

«ጋሼ፣ ምን አሉኝ?» አለች ምሕረት።

«ተይው፣ እንዲሁ ነው።»

«እውነቱን ይንገሩኝ።»

«‹ማን አባቱ ነው እንዲህ መደርደር ያስተማረሽ? ድንጋይ በአናቱ ቁሞ ያውቃል? አንሺው! አንሺውና እንደ ሰው ሥሪው!› ነው ያሉሽ።»

ምሕረት ወደ ጓደኞቿ ዞረች። «ተቆጡኝ!» አለች። «ተቆጡኝ እኮ!» አሥራ አራቱም ዘለሉ፤ ዲያቆኑም ዘለለ። እማሆይ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ፤ ግን ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፣ እሳቸውም የቆሙት አፋፍ ላይ ነበር። አንድ ጊዜ ወደ ሰዉ፣ አንድ ጊዜ ወደ ገደሉ አዩ። ከዚያ መቋሚያቸውን መሬት ላይ ጣል አድርገው፣ እጅጌያቸውን ሰብስበው ወደ ማሳው ወረዱ። «ትልቁ ከሥር» አሉ በአማርኛ። «ፊቱ ወደ ተራራው ያዘንብል። ጠጠሩ ከጀርባው ይገባል። አንተ ረዥሙ! ምን ትገተራለህ? ያን አቀብለኝ!»

ረዥሙ ዲያቆኑ ነበር። እየሮጠ አቀበለ።

ዶማዎቹ ከየጎታው ጀርባ ብቅ ብቅ አሉ። ሦስት ቀን ተሠራ። ቁጣ እንደ ጠበል ተዳረሰ፤ እያንዳንዱ ሽማግሌ የሚቆጣው ልጅ አገኘ፣ ልጁም ማታ የተቆጣው ሽማግሌ ቤት አደረ። የእጃቸው ቆዳ ተላጠ። ነጩ ካናቴራ መሬት መሰለ፣ «ፍቅር በተግባር» የሚለውን ለማንበብ ከዚያ ወዲያ ማራገፍ ያስፈልግ ነበር። ሦስተኛው ፍየልም ከሞት ተረፈ፤ ለልጅ ፍየል አይታረድም። ልጅ ቆሎውን በኪሱ ይዞ ወደ ሥራው ነው።

በመጨረሻው ቀን ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ወረደ። ጆንያና ላስቲክ ተከናንበን አፋፉ ላይ ቆምን። ጎርፉ ከላይ ቡናማ ሆኖ መጣ፣ እርከኑን ገጨው፣ ቆም አለ፣ ከዚያ በተቆፈረለት ቦይ ታጥፎ ሄደ። አፈሩ ከነበረበት አልተነቃነቀም። መጀመሪያ እልል ያሉት እማሆይ ናቸው፤ ወዲያው መንደሩ በሙሉ ተከተለ፣ ከማዶ ያለው መንደር ምን እንደሆነ ሳያውቅ አብሮ እልል አለ። እኔ አለቀስሁ። ዝናቡ ነው ብዬ ልዋሻችሁ እችል ነበር። ልጅ ያቦካው ለራት በቅቶ፣ ለጎረቤቱ እርከን ሳይቀር ተረፈ።

በማግስቱ ወደ መኪናው ስንወርድ ምሕረትን ጠየቅኋት።

«ለመሆኑ ድንጋይ ሲደረደር አይተሽ አታውቂም?»

«አባቴ ግንበኛ ነው፣ ጋሼ። ክረምት ክረምት ድንጋይ የማቀብለው እኔ ነኝ።»

«ታዲያ?»

«የገዛ ግንቡን ሲያበላሹበት አይቶ ዝም የሚል ሰው የለም» አለችና ጓደኞቿን ልትደርስ ሮጠች።

ከሳምንት በኋላ ብቻዬን ወደ መንደሩ ወጣሁ። እርከኑ እንዳለ ነው፤ ከአንዱ ጥግ ብቻ የሰው በሬ ሁለት ድንጋይ አውርዷል። ገብሱ ተዘርቷል። ቁርበት ተነጠፈልኝ፤ «ይቀመጡ እንጂ» አሉ እማሆይ። አልተቀመጥሁም። ዘልዬ ማሳው ግርጌ ወረድሁና አንዱን ድንጋይ አንስቼ በቦታው አስቀመጥሁት።

እማሆይ ከላይ ሆነው ድንጋዩን አዩት። እኔን አዩኝ። ከዚያ መቋሚያቸው ተነቀነቀ፣ በኽምጥኛም ጀመሩ። ቋንቋውን እሰማለሁ፤ ትርጉሙን ግን አልነግራችሁም፣ ስድስት ዓመት የጠበቅሁት የራሴ ነው። አንድ ነገር ብቻ ልናዘዝ። ምሕረት ሆን ብላ ነው የተሳሳተችው። እኔ ግን፣ ከነዲፕሎማዬ፣ በልኩ ያስቀመጥሁት መስሎኝ ነበር።