ድሬሰር ገሪማና ተንሳፋፊው ካፕሱል

(ዲላ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ፣ የጋሽ ገሪማ በረንዳ። ጊዜው 2003 ዓ.ም.፣ ከሰዓት በኋላ፣ ዝናብ። ድሬሰር ገሪማ ጡረታ ከወጣ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ነጭ ጋዋኑ ግን ጡረታ መውጣቱን እስካሁን የነገረው የለም። የሰፈሩ ሰው ከሐኪም ትእዛዝ የተረፈውን ክኒን ሁሉ ያመጣለታል፤ እሱም በአንድ ትልቅ የብስኩት ጣሳ አጠራቅሞ ለቸገረው ያድላል። ከፊቱ በርጩማ ላይ የተቀመጠው አለባቸው ነው፤ ወርቃ በሚባል ገጠር ቡና ማጠቢያ ይሠራል፤ ሞኝ ነው ይባላል፤ አብዝቶ የሚለው ገሪማ ነው። መሐላቸው ጠረጴዛ ላይ ጣሳውና አንድ ብርጭቆ ውሃ አሉ። ገሪማን ከጠዋት ጀምሮ ላብ ላብ ብሎታል፤ ለምን እንደሆነ ግን ራሱን ሊጠይቅ አልደፈረም።)

ገሪማ፦ ሙላው አልኩህ እኮ!

አለባቸው፦ ሞላ እኮ ጋሼ።

ገሪማ፦ ይሄ ነው ሙሉ? ሁለት ጣት ይጎድላል።

አለባቸው፦ ከዚህ በላይ ይፈሳል ብዬ ነው።

ገሪማ፦ ይፍሰሳ! አንተ ከመቼ ወዲህ ነው በብርጭቆ የምትከራከረኝ?

አለባቸው፦ የሚጠጡት መስሎኝ።

ገሪማ፦ ልጠጣው! (እንዲህ ያለውን ሰው ለምን ላክህብኝ ብሎ ወደ ሰማይ ያያል) ምርመራ ነው የምናካሂደው፣ ምርመራ! ማጠቢያው ላይ ስንት ዓመት ሠራህ?

አለባቸው፦ ዘጠኝ።

ገሪማ፦ እሸት ቡና ገንዳ ውስጥ ሲገባ ምን ይሆናል?

አለባቸው፦ ደህናው ይሰጥማል። ፍሬ ያልያዘው ይንሳፈፋል። ተንሳፋፊውን ገፈን እናወጣዋለን።

ገሪማ፦ አየህ! ዘጠኝ ዓመት እጅህ ላይ ሆኖ ያላወቅከውን ጥበብ እኔ ወደ ሕክምና አሻገርኩት። ክኒንም እንደዚያው ነው። የሰጠመ ክኒን ኃይለኛ ነው፤ ይፈራል። የተንሳፈፈ ገለባ ነው፤ ካሻህ ጋር ደባልቀህ ዋጠው፣ ምንም አያመጣም።

አለባቸው፦ መጽሐፍ ላይ አለ እንዲህ የሚል?

ገሪማ፦ መጽሐፉን የጻፈው ፈረንጅ ቡና አጥቦ ያውቃል?

አለባቸው፦ ኧረ አያውቅም።

ገሪማ፦ እንግዲያው ዝም በል። በል የሚስትህን ካፕሱል አምጣ።

አለባቸው፦ (ኪሱን ይዳብሳል) እሷ ጋ ነው። አላመጣሁትም።

ገሪማ፦ ሰው ሐኪም ዘንድ ሲመጣ በሽታውን ቤቱ ጥሎ ይመጣል?

አለባቸው፦ በሽታው የሷ ነዋ ጋሼ።

ገሪማ፦ ኤዲያ! ቀለሙስ ምንድን ነው?

አለባቸው፦ ግማሹ አረንጓዴ፣ ግማሹ ነጭ። ሆስፒታል የድብርት ነው ብለው ነው ያዘዙላት።

(ገሪማ እጁ ወደ ጋዋኑ ኪስ ይሮጥበታል። ከኪሱ ያለው ካፕሱል ግማሹ አረንጓዴ ግማሹ ነጭ ነው። ጡረታ ከወጣ በኋላ ጠዋት ከአልጋ መውረድ ተራራ መውጣት ሆኖበት፣ የሚያውቀው ሰው እንዳያየው ሐዋሳ ድረስ ሄዶ ታይቶ የታዘዘለት ነው። ሰፈሩ የሚያውቀው ቫይታሚን መሆኑን ብቻ ነው።)

ገሪማ፦ ናሙና አለኝ። ለትምህርት ያስቀመጥኩት። (አንድ አውጥቶ ብርጭቆው ውስጥ ይጥላል) ተመልከት! ተንሳፈፈ! ገለባ ነው!

አለባቸው፦ ታዲያ ሚስቴ ሙሉወርቅ በገለባ ነው የዳነችው?

ገሪማ፦ ዳነች?

አለባቸው፦ ልጃችን ካረፈ በኋላ አራት ወር ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ነበር። እኔን እንኳ አታናግረኝም። ይሄን መዋጥ ጀምራ ሁለት ወር ሲሆናት ገደብ ከተማ ገበያ ወጣች። በርበሬ ላይ ከነጋዴው ጋር ስትጨቃጨቅ ሰምቼ እንባዬ መጣ።

ገሪማ፦ ሚስቱ ስትጨቃጨቅ በደስታ የሚያለቅስ ወንድ አሁን ገና አየሁ። ከዳነች ምን ቀራት? ዛሬውኑ ታቁመው።

አለባቸው፦ በድንገት አይቆምም ተብለናል። ቀስ እየተባለ፣ ሐኪም እያየው ነው።

ገሪማ፦ ማን ነው ያለው?

አለባቸው፦ ኢልሃም።

ገሪማ፦ የቷ ኢልሃም?

አለባቸው፦ ክሊኒኩ ያለችው። ጤና መኮንኗ።

ገሪማ፦ (እንደ መራራ ነገር ይተፋዋል) ትናንት ከዩኒቨርሲቲ የወጣች ልጅ! እኔ ሃያ ስምንት ዓመት ቁስል ያጠብኩት ሰውዬ እዚህ ተቀምጬ፣ አንተ ለልጅ ታማክራለህ?

አለባቸው፦ የመጣሁትም በሷ ምክንያት ነው። (በወረቀት የተጠቀለለ ነገር ያወጣል) ሙሉወርቅ ለቀጠሮ ዲላ መጥታ ወገቤን አመመኝ ስትልዎት ከጣሳው ሦስት ነጭ ክኒን ሰጥተዋት ነበር። ሳትውጠው ለኢልሃም አሳየኋት። መልሰው አለችኝ።

ገሪማ፦ መልሰው! ከኔ እጅ የወጣ መድኃኒት ተመልሶ አያውቅም!

አለባቸው፦ ትራማዶል ነው አለችኝ። ለሌላ ሰው ጥሩ የሕመም ማስታገሻ ነው፤ የድብርቱን ካፕሱል ከሚወስድ ሰው ጋር ግን አይስማማም አለች።

ገሪማ፦ ክኒን ከክኒን አይስማማም! ምን ተካፍለው ተጣሉ? ድንበር ተገፋፍተው ነው?

አለባቸው፦ እኔም ይሄንኑ ነው የጠየቅኳት። ሳቀችብኝ።

ገሪማ፦ ያልሳቀብህ ማን አለ።

አለባቸው፦ ከሳቀች በኋላ ግን ነገረችኝ። ጠብ አይደለም፣ መደራረብ ነው አለች። ሁለቱም አንጎል ውስጥ የሚጨምሩት አንድ ነገር ነው። ለየብቻ መጠኑን ጠብቆ ደህና ነው፤ አንዱ በሌላው ላይ ሲመጣ ግን ይበዛና ሰውነትን ያናውጣል። አንዳንዱ የሳል ሽሮፕም እንደዚያው ነው አለች።

(ገሪማ ከወንበሩ ሥር የቆመችውን የሳል ሽሮፕ ጠርሙስ በተረከዙ ወደ ውስጥ ይገፋል። ከትናንት ጀምሮ ለወገቡ ትራማዶል፣ ለሳሉ ሽሮፕ እያለ፣ ካፕሱሉንም ሳያስታጉል እየወሰደ ነው። ካፕሱሉ በራሱ ምርመራ ተንሳፍፎ ገለባ መሆኑ ተረጋግጧልና።)

ገሪማ፦ ሽሮፕ እኮ ስኳር ነው! ሕፃን የሚልሰው!

አለባቸው፦ ስለ ሆርሞንም ጠይቃኛለች።

ገሪማ፦ አንተን?

አለባቸው፦ ስለ ሙሉወርቅ። የወሊድ መከላከያ ትወስዳለች ወይ፣ አርግዛለች ወይ፣ የእንቅርት መድኃኒት አላት ወይ ብላ።

ገሪማ፦ ይኸውልህ! በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ማለት ይህቺ ልጅ ናት። ሰው በአንድ በሽታ ይሄዳል፣ በሦስት ትመልሰዋለች። ድብርት ጭንቅላት ነው፣ እንቅርት አንገት ነው፤ ምን አገናኛቸው?

አለባቸው፦ አንገትና ጭንቅላት ጎረቤት አይደሉም እንዴ?

ገሪማ፦ (ይቆጣል) አንተ ደንቆሮ! ሆርሞን የሚባለው ለከብት ነው። ላም ወተት እንድታበዛ። የእርሻ ቢሮ ሰዎች ስብሰባ ላይ ሰምቼዋለሁ።

አለባቸው፦ ሙሉወርቅ ለእንቅርቷ በየጠዋቱ የምትውጠው ክኒን ራሱ ሆርሞን ነው አለችኝ። እሱ ሲያንስ ሰውን ይደብተዋል፣ ያፈዘዋል። የድብርቱ መድኃኒት ሲጨመርበት ደግሞ መጠኑ ይበቃት እንደሆነ ደሟ ይታያል፤ እናንተ ግን በራሳችሁ አትቀንሱ አትጨምሩ አለችን። ደሟም ታየ። ደህና ነው።

ገሪማ፦ ደም ቀድተው፣ ሽንት ቀድተው፣ ቀጥሎ ምራቅ ይቀዳሉ። እኔ በአንድ ብርጭቆ ውሃ የምጨርሰውን! (ሊያሳየው ብርጭቆውን ያነሳል፤ እጁ ይንቀጠቀጥና ውሃው ጉልበቱ ላይ ይደፋል)

አለባቸው፦ ጋሼ፣ እጅዎ...

ገሪማ፦ ጢም አድርገህ ስለሞላኸው ነዋ!

አለባቸው፦ ላቡም በዝቷል።

ገሪማ፦ ሙቀቱ ነው።

አለባቸው፦ እየዘነበ እኮ ነው።

ገሪማ፦ የዝናብ ሙቀት ነው። አታውቀውም።

አለባቸው፦ ኢልሃም መድኃኒቶቹ የተደራረቡበት ሰው ላብ ያጠምቀዋል ብላኝ ነበር።

ገሪማ፦ ላብ የማያልበው ሬሳ ብቻ ነው።

አለባቸው፦ እጁ ይንቀጠቀጣል አለች።

ገሪማ፦ (ሁለት እጁን ይቀመጥባቸዋል) ማን ተንቀጠቀጠ?

አለባቸው፦ አንድ ቦታ መቀመጥ ያቅተዋል፤ ያቅበጠብጠዋል።

ገሪማ፦ (ይነሳል፤ ይቀመጣል፤ ይነሳል) ወንበሩ ነው። ወንበሩ ይቆረቁራል።

አለባቸው፦ ተቅማጥም ይይዘዋል አለች።

ገሪማ፦ መጣሁ።

(ወደ ጓሮ ይሮጣል። ከጠዋት ጀምሮ አምስተኛው ነው። እዚያ ቁጢጥ ብሎ፣ ጆሮው ውስጥ ልቡ ሲደልቅ እየሰማ፣ ገሪማ በመጨረሻ ፈራ። ሞትን ፈራ፤ ከሞት ይልቅ ግን ገናዦቹ ጋዋኑን ሲያወልቁ ከኪሱ የሚያገኙትን ፈራ። ለካ ድሬሰሩ ሲደብተው ኖሯል ብለው ለቅሶው ላይ ሲንሾካሾኩ ታየው። ፊቱን በጋዋኑ ጫፍ ጠርጎ፣ ግድግዳውን ተደግፎ ይመለሳል።)

ገሪማ፦ ለመሆኑ... ያ ሰውዬ... የተደራረበበት... ምን ያድርግ አለች?

አለባቸው፦ የቱ ሰውዬ?

ገሪማ፦ እንዲያው ለዕውቀት ነው። የሷን ዕውቀት ልክ ላይ።

አለባቸው፦ ሌላ ክኒን እንዳይደግም። የዋጠውን ሁሉ ይዞ፣ ሳይውል ሳያድር ሐኪም ጋ ይሂድ አለች።

ገሪማ፦ ወተት ቢጠጣበትስ?

አለባቸው፦ ወተት አላለችም።

ገሪማ፦ ቢተኛበትስ?

አለባቸው፦ ተኝቶ ሊቀር ይችላል አለች።

ገሪማ፦ (ድምፁ ይቀጥናል) እሱ እኮ የተንሳፈፈውን ነው የዋጠው!

አለባቸው፦ ጋሼ፣ ሆድ ገንዳ አይደለም። ደግሞ እኛ ተንሳፋፊውን ከደህናው ጋር ደባልቀን አናውቅም። ለብቻው እናሰጣዋለን፣ ለብቻው ይሸጣል። ምንም አያመጣም ብለህ አንድ ላይ ካደረግከው ሙሉውን ጭነት ያበላሸዋል። ማጠቢያው የገባሁ ዕለት መጀመሪያ የተማርኩት እሱን ነው።

(ገሪማ የረጠበውን ጉልበቱን ሊጠርግ ያጎነብሳል፤ ከጋዋኑ ኪስ የካፕሱሉ ማሸጊያ ብቅ ይላል።)

አለባቸው፦ ያ ናሙናም ጋሼ... ማሸጊያው ከኪስዎ ብቅ ብሏል። አሥር መያዣ ነው፤ ሰባቱ ባዶ ነው። እዚህ ፊቴ አንድ ጣሉ። ስድስቱን ማን ተማረባቸው?

ገሪማ፦ ቫይታሚን ነው!

አለባቸው፦ እንግዲያው ሙሉወርቅም ቫይታሚን ነው የምትውጠው። ምን ያሳፍራል? እሷ ዳነችበት እኮ።

ገሪማ፦ እሷ ልጅ ሞቶባት ነው። እኔ ማን ሞተብኝ? ሰው ምን ይለኛል?

አለባቸው፦ ሰው ምን እንደሚል አላውቅም። ኢልሃም የምትለውን ነው የነገርኩዎት።

ገሪማ፦ (ወንበሩ ላይ ይወድቃል፤ የዚህን ሰው ፊት ማየት ያቅተዋል) ጠዋት መነሳት እምቢ አለኝ አለባቸው። ሃያ ስምንት ዓመት ድሬሰር እያለ በሬን ሲያንኳኳ የኖረ ሰው፣ አንድ ቀን ቀጥ አለ። ጣሳውን ያወጣሁት ተመልሶ እንዲያንኳኳ ብዬ ነው።

አለባቸው፦ (ጣሳውን ከጠረጴዛው አንስቶ ብብቱ ሥር ያደርጋል) በሉ አሁን ይነሱ፤ ባጃጁ በር ላይ ነው። ጓሮ ሳሉ ደወልኩለት።

ገሪማ፦ ማንን አስፈቅደህ?

አለባቸው፦ ሞኝ መቼ ያስፈቅዳል።

ገሪማ፦ ጎረቤት ይወጣል፣ ያየኛል። ወባ ነው በላቸው።

አለባቸው፦ ለጎረቤት ወባ ነው እላለሁ፤ ዲላ ውስጥ በወባ የሚታማ የለም። ክሊኒክ ሲደርሱ ግን ካፕሱሉንም፣ ትራማዶሉንም፣ ያንን ከወንበሩ ሥር በእግርዎ የገፉትን ሽሮፕም አንድ በአንድ ለኢልሃም በራስዎ አፍ ይነግሯታል።

ገሪማ፦ ለኢልሃም! በዘጠኝ ወሯ የኩፍኝ ክትባት ስወጋት ጋዋኔ ላይ ለሸናችብኝ ልጅ?

አለባቸው፦ (ብብቱን ይዞ ያስነሳዋል) ታዲያ ዛሬ ተራው የእርስዎ ነው ጋሼ፤ ባጃጁ ውስጥ እንዳይሆን ብቻ ፈጠን እንበል።