ሊቀ እርማት ፊልም ሲያርሙ

በዓለም ላይ "ልክ አይደለም!" የሚል ሰው የሌለበት ቤተሰብ የለም። ሰው ሲያገባም፣ ቤት ሲቀባም፣ ሲታመምም ከተፍ ይላል፤ ከተፍ ብሎም ያርማል። የዚህኛው ቤተሰብ ባለ ሹመት ጡረታ የወጡ የሒሳብ አስተማሪ ናቸው። ዘመድ በሌሉበት "ሊቀ እርማት" ይላቸዋል። ፊት ለፊት ግን "ጋሼ" ናቸው፤ ማን ደፍሮ!

ሐኪሙ ደም ግፊታቸውን ሲለካ መሣሪያውን ያርማሉ። በሠርግ ላይ የሙሽራውን አባት ንግግር አስቁመው ልጁ የተወለደበትን ዓመት አስተካክለዋል። ሰውዬው እስከ ዛሬ አያናግራቸውም።

እንግዲህ የእህታቸው ልጅ ዘጋቢ ፊልም እሠራለሁ ብላ የገባችው ከኚህ ሰው ጋር ነው። ምን ታድርግ! ፊልሙ የሚተርከው ቤታቸው ለፈረሰባቸው ሰዎች ይጮኽ ስለነበረ አንድ የድሮ የተማሪዎች ማኅበር ነው። ማኅበሩ ወረቀት በመበተን ጀምሮ የማዘጋጃ ቤቱን መዝገብ ቤት በማቃጠል አበቃ። በእሳቱ አንድ ዘበኛ ሞተ። አጎቷ ደግሞ ከማኅበሩ መሥራቾች አንዱ ናቸው።

በየማለዳው ሳይጠሩ ፊልሙን ወደምታቀናብርበት ጠባብ ክፍል ይመጣሉ፤ መጀመሪያ ከዘራቸው፣ ቀጥሎ እሳቸው።

"ልክ አይደለም! ሰልፉ የታጠፈው ወደ ግራ ነው።"

"ጋሼ፣ ፎቶው እኮ ወደ ቀኝ ነው የሚያሳየው።"

"ፎቶው ተገልብጦ ነዋ የታጠበው!"

ቀረብ ብላ ብታይ፣ ወይ ጉድ፣ እውነትም የሱቁ ጽሑፍ ተገልብጧል። ከዚያ ወዲያ ማን ይቻላቸው! የወረቀት መለጠፊያው ሙጫ ውፍረት፣ የመፈክሩ ጨርቅ ቀለም፣ ድምፅ ማጉያው ከየት እንደተሰረቀ፣ ሁሉም ታረመ። "የእሳቱ ዕለትስ?" ስትላቸው ግን፣ "እዚህ ቤት ሻይ የሚባል ነገር የለም እንዴ?" ይሉና ባርኔጣቸውን አንሥተው ውልቅ።

ያን ዕለት የሚናገር ሌላ ሰው አልቀረም፤ ግማሹ ሞቷል፣ ግማሹ አፉን ዘግቷል። እሳቸው ካልተናገሩ የድካሟ ሁሉ ፍሬ ሜዳ ላይ መቅረቱ ነው። እንዳታስጨንቃቸው ደግሞ አንጀቷ እምቢ አላት። አባት ሆነው ያሳደጓት እኮ እሳቸው ናቸው፤ የቤት ሥራዋን እያረሙ።

አንድ ቀን ቆርጣ የዘበኛውን ልጅ ቃለ ምልልስ ከፈተችላቸው። ልጅ ማለት እንግዲህ ያኔ ነው፤ አሁን ፀጉሯ የሸበተ ልብስ ሰፊ ናት። ከስፌት መኪናዋ ኋላ ሆና፣ "ከዚያ ማኅበር አንድ ሰው እንኳ 'አይዞሽ' ሊለኝ አልመጣም። አንድ ሰው!" አለች።

የእህታቸው ልጅ እርማቱን ጠበቀች። ምንም የለም።

"ጋሼ፣ እማዬ ነግራኛለች። የዘበኛው ቀብር ዕለት ጥቁር ኮትዎን ለብሰው ወጥተው ነበር። ተሳስታለች ማለት ነው?"

"አልተሳሳተችም። ልጅቷን ቤታቸው በር ላይ ቆማ ሳያት ተመለስኩ።" ከዘራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙት። "የዘበኞቹን ፈረቃ ያሰላሁት እኔ ነኝ። 'በዚህ ሰዓት መዝገብ ቤቱ ውስጥ ሰው አይኖርም' አልኳቸው። በሒሳብ ጎበዝ ነው ይሉኝ ስለነበር አንድም ሰው አላረመኝም።"

የእህታቸው ልጅ ስንቱን ቀን በዚያ "ልክ አይደለም" አሹፋባቸዋለች!

ሊቀ እርማት ተነሥተው ካሜራው ፊት ያለው ወንበር ላይ ተቀመጡ። ባርኔጣቸውን አወለቁ።

"የምናገረው ለሷ ነው፤ ለፊልሙ አይደለም። ግን ምን ብዬ ልጥራት? 'ልጄ' እንዳልላት፣ አባቷን ያሳጣኋት እኔ ነኝ። 'እህቴ' እንዳልላት፣ በምን አፌ? አንቺ የተማርሽ ነሽ፣ ምን ልበላት?"

እሷ ወንበሯን አጠገባቸው ስባ ካሜራውን ከፈተችው።