የእትዬ ፀዳለ ኬክ ቀማሽ

ኮልፌ ውስጥ ከአንድ በላይ ቤተሰብ የሚኖርበት ግቢ ሁሉ አንዲት «ቀላል ነው እኮ» ባይ ሴት አለችው። ግቢው ውሃ ሊያጣ ይችላል፣ መብራቱ ማታ ማታ ሊጠፋበት ይችላል፤ «ቀላል ነው እኮ» ግን አትጠፋም። በዓል በመጣ ቁጥር ስልኳ ላይ አንድ ነገር ታያለች። ያየችውን ካልሠራች እንቅልፍ አይወስዳትም። የሠራችውን ደግሞ ጎረቤት ካልበላላት በቁሜ ቅበሩኝ ትላለች።

ከእነዚህ ሁሉ የላቁት፣ የማዕድ ቤቱ ፊታውራሪ፣ የጌጣጌጡ የበላይ አዛዥ፣ ክብርት እትዬ ፀዳለ ናቸው። የሚኖሩትም ከዘይነባ ጋር አንድ ግድግዳ ተጋርተው ነው። ይህ ለዘይነባ ዕድል ይሁን ዕዳ እሷም ለይታ አታውቀውም።

የገና ጾም ሲገባ ግቢው የእትዬ ፀዳለ ይሆናል። የእርጎ ባዶ ኩባያ በሚያብለጨልጭ ወረቀት ተጠቅልሎ ደወል ይሆናል። የውሃ ፕላስቲክ ቂጡ ተቆርጦ ኮከብ ይሆናል። አስኮ መንገድ ዳር የተገዛ የጥድ ቅርንጫፍ በባዶ የቀለም ባልዲ ይተከልና ጥጥ ይበተንበታል፤ በረዶ መሆኑ ነው። ኮልፌ በረዶ የሚጥለው በክረምት ነው፤ የሚጥለውም ቆርቆሮ ለመደብደብ እንጂ ጥድ ለማስጌጥ አይደለም። እትዬ ፀዳለ ግን ከሰማይ ጋር ክርክር አይገጥሙም። አምና ጥጡ ሲተርፋቸው ለመብራት ቆጣሪው ጢም አበጁለት። ቆጣሪ ሊያነብ የመጣው ሰው ጢሙን በሁለት ጣቱ ገልጦ ቁጥሩን አየና «እንኳን አብሮ አደረሰን አባት» ብሎት ሄደ።

ምግቡ ላይ ሲደርሱ ደግሞ «ሦስት ነገር ብቻ ነው የሚፈልገው» ይላሉ። ሦስቱ ነገሮች እሳቸው ቤት ሲገቡ ዘመድ አዝማድ ያስከትላሉ፤ እስኪያልቅ ድረስ የግቢው ወንፊት፣ ሳህንና ማማሰያ ሁሉ እሳቸው ጋ ይሰበሰባል። ስልካቸው ውስጥ አሠራሩን የምታሳየውን ወጣት «ያቺ ልጅ» ነው የሚሏት፣ ልክ እንደ እህታቸው ልጅ። ያቺ ልጅ ኦቨን ውስጥ ክተቱት ስትል እሳቸው ከሥርም ከላይም ፍም ያደረጉበት ድስት ውስጥ ይከቱታል። ያቺ ልጅ በማንኪያ ለኩ ስትል እሳቸው «እጄ ያውቃል» ይላሉ።

ዘንድሮ ያሰቡት የብርቱካን ኬክ ነበር። ኬኩ ቅቤም ወተትም እንቁላልም አለበት፤ እሳቸው ደግሞ ጾመኛ ናቸው። በሙከራ ላይ ሙከራ እየጋገሩ አንዷንም ፍርፋሪ መቅመስ አይችሉም። አንድ ልጃቸው ማሙሽም ይጾማል፤ ቢያንስ እናቱ ፊት።

«ዘይኑዬ» አሏት አንድ ቀን በሩ ላይ ቆመው፣ በእጃቸው በናፕኪን የተሸፈነ ሳህን ይዘው። «አንቺ ምላሴ ነሽ። ቅመሺና ንገሪኝ።»

ሹመቱ ደሞዝ የለውም፤ መልቀቂያም የለውም።

ዘይነባ ደግሞ ታክሲ ውስጥ «ወራጅ አለ» ማለት የምታፍር ሴት ናት። ሌላ ሰው እስኪወርድ ትጠብቅና የራሷን ፌርማታ አልፋ ከጦር ኃይሎች በእግሯ የተመለሰችበት ጊዜ አለ። ሳህኑን በሁለት እጇ ተቀበለች። ናፕኪኑን ገልጣ አየችና «ማሻአላህ!» አለች። ስታየው እውነትም ያምር ነበር።

ለመብላት ግን ድስቱ አሰጋት። የእትዬ ፀዳለን ትልቁን ድስት ታውቀዋለች፤ ለፋሲካ የበጉ ወጥ፣ ለመስቀል የበሬው ሥጋ የሚሠራበት ነው። የክርስቲያን እርድ በኖረበት ድስት የተጋገረ ነገር እንዴት አድርጋ ትብላ? በምን እንደተሠራ መጠየቅ ብቻ ነበር የሚበቃው። ያቺ አንዲት ጥያቄ ግን ጉሮሮዋ ላይ ተቀርቅራ ቀረች።

«ጠይቂያቸዋ!» አላት ባሏ ረሻድ ማታ ከሱቅ ሲመለስ።

«ምን ብዬ?»

«በምን ድስት ነው የሠሩት ብለሽ።»

«የናቅኳቸው ቢመስላቸውስ?»

«እንግዲያው አልበላም በያቸው።»

«እሱማ ይብሳል!»

ረሻድ ሳቀ። «አንቺ እኮ ሌባ ቤትሽ ቢገባ ሻይ ታፈይለታለሽ።»

ምግብ መጣል ደግሞ ነውር ነው። ከውሃው ሮቶ ጀርባ እትዬ ፀዳለ ገበያው ሳይወደድ ቀድመው የገዙት ቀይ አውራ ዶሮ በገመድ ታስሮ ይውላል። ዘይነባ ግራና ቀኝ አይታ፣ ልብስ የምታሰጣ መስላ ሄደችና ኬኩን ፈርፍራ ጣለችለት። ዶሮው አንዴ ቀና ብሎ አያት። ከዚያ በኋላ ቀና አላለም።

ከዚያ ወዲያ ሁሌም እንዲሁ ሆነ። ሳህን ይመጣል፣ ዘይነባ «ማሻአላህ» ትላለች፣ ሮቶው ጀርባ ትሄዳለች። ውሸት እንዳልሆነ ለራሷ ደጋግማ ነገረች፤ ያለችው ስለ መልኩ እንጂ ስለ ጣዕሙ አይደለም። ግን እውነት ቢሆን ኖሮ ዶሮ ለመመገብ ግራና ቀኝ ማየት ምን ያስፈልጋታል? ባዶውን ሳህን አጥባ ስትመልስ የእትዬ ፀዳለን ዓይን አታይም፤ የምታየው ጫማቸውን ነው። በዚያ ጾም የእትዬ ፀዳለን ጫማ ከራሳቸው በላይ አወቀችው።

ዶሮው ደግሞ ዝም ብሎ አልበላም፤ ፋፋ። ላባው አበራ፣ አንገቱ ደነደነ፣ የታሰረበት ገመድ አጠረው።

«አየሽው ዘይኑ?» ይላሉ እትዬ ፀዳለ በኩራት። «ሰው ዶሮ ገዝቶ ያስራል፤ አይንከባከብም። እኔ ግን ሄጄ አወራዋለሁ። ዶሮ በጥሬ ብቻ አይፋፋም፤ በፍቅር ነው!»

ዘይነባ ጫማቸውን አየች።

ነገሩ የከፋው የገና ሳምንት ላይ ነው። ማሙሽ የሚያገባት ማራኪ የምትባል ልጅ ናት፤ ወላጆቿ በበዓሉ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ቤት ሊመጡ ነው። እናትና አባቷ ሳንሱሲ ሰፈር ኬክ ቤት አላቸው። ይህን ዘይነባ የሰማችው በግድግዳው ነው።

«እማዬ፣ ኬክ ለሚሸጥ ሰው ኬክ ይቀርባል? ዝም ብለሽ ድፎ ዳቦ አቅርቢ» ይላል ማሙሽ።

«ምን አለበት? ቀላል ነው እኮ! ደግሞ ሰው ያልቀመሰው ነገር አላቀርብም። ዘይኑ ቀምሳዋለች።»

«ዘይኑ ዓይን አፋር ናት፤ መጥፎ ቢሆንም አትነግርሽም።»

«ዘይኑ አትዋሸኝም!» አሉ እትዬ ፀዳለ። «አንተን ብቻዬን ሳሳድግ ሰው እንዴት እንደሚዋሽ በደንብ አውቄያለሁ። እሷ ከእነዚያ አይደለችም።»

ከግድግዳው ወዲህ ዘይነባ የምታጥፈውን አንሶላ እንደያዘች አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። እኚህ ሴት ክብራቸውን ሁሉ በእሷ ምላስ ላይ አስቀምጠዋል፤ ምላሷ ደግሞ ያንን ኬክ አንድም ቀን አልነካውም።

በዋዜማው ዋዜማ የመጨረሻው ሙከራ መጣ። ዘይነባ እንደ ልማዷ ሮቶው ጀርባ ሄዳ ቆርሳ ጣለች። አውራ ዶሮው አንድ ፍርፋሪ አነሳ። መልሶ ጣለው። ከዚያ ምንቃሩን ግራና ቀኝ መሬት ላይ ጠረገና ጀርባውን ሰጣት።

ዘይነባ ቀዝቃዛ ውሃ የተደፋባት መሰላት። ፍርፋሪውን በጫማዋ አፈር እያለበሰች ሳለ ከኋላዋ ድምፅ መጣ።

«እህ ዘይኑ? እንዴት ነው?»

«ማሻአላህ» አለች ሳትዞር።

«ማሻአላህማ ሁሌ ትያለሽ። ይኼኛው እኮ ለእንግዳ ነው። ወላሂ በይ።»

ዘይነባ ሳህኑ ላይ የቀረውን ቁራሽ በናፕኪኑ ሸፈነች።

«ምስር ጥጄ ነበር፣ እንዳያርብኝ» አለችና ሮጠች። ቤቷ ስትገባ ምድጃው ላይ ምንም አልተጣደም ነበር።

በማግስቱ፣ በበዓሉ ዋዜማ ጠዋት፣ የታኅሣሥ ፀሐይ ግቢውን ሳይሞላው ዘይነባ የእትዬ ፀዳለ ማዕድ ቤት በር ላይ ቆመች። ከትናንቱ ኬክ የተረፈውን ቁራሽ በመዳፏ ይዛለች። እትዬ ፀዳለ በትልቅ ጎድጓዳ ሳህን ሊጥ እየመቱ ነው፤ ዱቄት ቅንድባቸው ላይ አለ።

«እንደምን አደሩ እትዬ ፀዳለ።»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ግቢ እንጂ! ምን ሆነሻል፣ ፊትሽ አመድ መስሏል?»

«እኔ... ኬኩን ቀምሼው አላውቅም።»

«የትኛውን?»

«ሁሉንም።»

«ታዲያ ማን በላው?»

ዘይነባ በአገጯ ወደ ሮቶው አመለከተች። አውራ ዶሮው እዚያ ቆሟል፤ ወፍሮ፣ ከንፁሕ ሕሊና ጋር።

እትዬ ፀዳለ ማማሰያውን ከሊጡ ላይ አንስተው ያዙ። ያ ግቢ እሳቸው ሳይተኙ ዝም ብሎ አያውቅም። ከማማሰያው ሊጥ ጠብ ጠብ ሲል ብቻ ይሰማል። ቢጮሁባት በተሻላት ነበር።

«ለምን?» አሉ በመጨረሻ፣ በቀጭን ድምፅ።

«ድስቱ... የሥጋው ድስት መስሎኝ ነው። መጠየቅ አፍሬ።»

እትዬ ፀዳለ ማማሰያውን አስቀመጡ። እጃቸውን ጠርገው ከመደርደሪያው ላይ በነጭ ጨርቅ የተሸፈነ ነገር አወረዱና ጨርቁን ገለጡት። መካከለኛ ድስት ነው። እጀታው ላይ ቀይ ክር ታስሯል።

«ይህቺን የገዛኋት አንቺ እዚህ ግቢ የገባሽ ሰሞን ነው» አሉ። «ሥጋ አይታ አታውቅም። ክሩን ያሰርኩባት ከሌላው እንዳትቀላቀልብኝ ነው። ለአንቺ የላክሁት ሁሉ ከዚህች የወጣ ነው። ማሙሽ አንድ ቀን ቋንጣ ሊጠብስባት ሲል እጁን በማማሰያ ነው ያልኩት።»

«ለምን... ለምን አልነገሩኝም?»

«ምን ብዬ? ዘይኑ፣ ድስት ገዛሁልሽ ተብሎ ይወራል? ያሳፍራል እኮ!»

የቆጣሪውን ጢም ለሰፈሩ ሁሉ ያወጁት፣ ሽንኩርት ቢከትፉ እንኳ በረንዳ ወጥተው የሚያስታውቁት እትዬ ፀዳለ፣ ይህን አንዱን ነገር ለማንም ሳይተነፍሱ ዓመታት አሳልፈዋል። ዘይነባ መሬት ተከፍታ ብትውጣት ወደደች። መሬት ደግሞ የኮልፌ መሬት ናትና በበጋ አትከፈትም። የቀራት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መዳፏ ላይ ያለውን ቁራሽ አፏ ውስጥ ከተተችው።

መጀመሪያ ጣፈጠ። ቀጥሎ ብርቱካን ብርቱካን አለ። ከዚያ አንድ መራራ ነገር ከምላሷ ሥር ተነስቶ አፏን ሞላው፤ የልብስ ሳሙና ውሃ የጠጣች መሰላት። ዓይኗ እንባ አቀረረ። ግን ዋጠችው።

«እህ?» አሉ እትዬ ፀዳለ።

«ወላሂ፣ እትዬ ፀዳለ» አለች ዘይነባ፤ በሕይወቷ እንዲህ ያለ ነገር ለሰው ስትናገር የመጀመሪያዋ ነው። «አይበላም።»

«አይበላም?»

«ይመራል። ቤኪንግ ፓውደሩ በዝቷል።»

እትዬ ፀዳለ ቀኝ እጃቸውን ወደ ላይ አንስተው አዩት፤ ሰው ፊት ያዋረዳቸውን ዘመድ የሚያዩ ይመስል ነበር።

«እጄ ያውቃል ስል...» አሉና ተዉት። ሊጡን አዩ፣ ዘይነባን አዩ። «ይህንንም በእጄ ነው የጨመርኩበት። የሻይ ማንኪያ አለሽ?»

ዘይነባ ሮጣ አመጣች። ያን ቀን እየለኩ፣ ዘይነባ እየቀመሰች፣ እየተጨቃጨቁ ዋሉ። ለካ ዘይነባ ከጀመረች መጨቃጨቅ ትችላለች።

በገና ቀን የማራኪ አባት አቶ ባምላኩና ባለቤታቸው ጥጥ ከለበሰው ጥድ አጠገብ ተቀመጡ። ኬኩ በድፎው ቦታ ለመቆረስ ማዕዱ ላይ ቀረበ። ባለኬክ ቤቷ የማራኪ እናት መነጽራቸውን አስተካክለው ዞር ዞር እያሉ አዩት። ማሙሽ ላብ በላብ ሆኗል።

እትዬ ፀዳለ የመጀመሪያውን ቁራሽ ለዘይነባ ሰጧት። «እሷ ሳትቀምስ ማንም አይነካም!» አሉ በአዛዥ ድምፃቸው። ከዚያ ጎንበስ ብለው በሹክሹክታ፣ «ወላሂ በይ።»

ዘይነባ አላመጠች። እንግዶቹ ሁሉ እሷን ነው የሚያዩት። ጆሮዋ ድረስ ቀላች።

«ወላሂ ይጣፍጣል» አለች። ዋጠች። «ትንሽ ደርቋል።»

ማሙሽ ግንባሩን ያዘ። የማራኪ እናት ግን ቆረሱ፣ ቀመሱ፣ ጥቂት አሰቡና ሳቁ። «እውነቷን ነው፤ ፍሙ ትንሽ በዝቶበታል። ጣዕሙ ግን ግሩም ነው። እንዲህ ደፍራ የምትነግር ጎረቤት ማግኘት መታደል ነው።»

እትዬ ፀዳለ አንገታቸውን ቀና አደረጉ፤ የተሞገሰው ኬኩ ሳይሆን ዘይነባ መሆኗ ምንም አልከፋቸውም።

ወጡ ቀረበ። ለዘይነባና ለረሻድ ቀይ ክር ካለባት ድስት የወጣ ምስር ወጥ በሌላ ሳህን መጣ። አቶ ባምላኩ አንዱን ብልት ጋጡና ጣታቸውን እያዩ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ይህ ዶሮ ግን ምን ሲበላ ነው የኖረው? እንዲህ ያለ ሥጋ በልቼ አላውቅም!»

የዘይነባ ጉርሻ እጇ ላይ ቀረ። እትዬ ፀዳለ በማዕዱ ላይ አሻግረው አዩዋት፤ ዓይናቸው ውስጥ ያለውን ሳቅ እሷ ብቻ አየችው።

«ቀላል ነው እኮ!» አሉ። «ሦስት ነገር ብቻ ነው የሚፈልገው። ጥሬ፣ ውሃ፣ እና ዓይን አፋር ጎረቤት።»

ዘይነባ በሻርፗ ፊቷን ሸፈነች። ጥቂት ቆይቶ ከሻርፑ ሥር አንድ እጅ ወጣና፣ ቢደርቅም፣ ሁለተኛውን የኬክ ቁራሽ አነሳ።